ከመቁረጫው በፊት ኪሱን ምረጪ

ሰላም እህቴ፣ እንኳን ወደ ሙያው በደህና መጣሽ። ዘግይቶ የሚያነብም እንዲገባው ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። አዳማ እሳት አደጋ ውስጥ አዲስ ተቀጣሪ ነሽ። ጭስ ውስጥ ሽቦ ቢጠላለፍብሽ የምትቆርጪበት አንድ ነገር በኪስሽ መያዝ ፈልገሻል። ተጣጣፊው ባለብዙ አገልግሎት ፒንሳ ይበቃል ወይስ ሌላ ልግዛ ነው ያልሽው። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ልጆች ሁሉም ስለ ዕቃው ነው የነገሩሽ። የት ልትይዢው እንዳሰብሽ የጠየቀሽ ግን የለም። እኔ ከዚያ ልጀምር። ሐዋሳ ውስጥ አንድ ሌሊት፣ ጥሩ ፒንሳ ይዤ ምንም እንዳልያዘ ሰው ሆኛለሁ።

ዓመታት አልፈውታል። ዕቃ እስከ ጣሪያው የተከመረበት የአንድ ሱቅ መጋዘን ነው። ከጓደኛዬ ጋር የውኃ ቱቦውን ይዘን በጉልበታችን እየዳህን ገባን። ጭሱ እጅሽን ማስክሽ ላይ ብትለጥፊው እንኳ የማያሳይ ዓይነት ነበር። ትንሽ እንደሄድን ኮርኒሱ ወረደ። ሰው እንደሚያስበው ዷ ብሎ አይደለም፤ ፍስስ ብሎ ነው የወረደው። ከዚያ አንድ ነገር ከኋላ ያዘኝ። ሰው ከኋላ ሲያዝ ምን ያደርጋል? ወደ ፊት ይገፋል። እኔም ገፋሁ፣ ጠበቀ። ደግሜ ገፋሁ፣ ባሰበት።

ፒንሳዬ ትዝ አለኝ። የት ነው ያለው? የሱሪዬ የጎን ኪስ ውስጥ። በላዩ ኮቱ ወርዶበታል። በኮቱ ላይ ደግሞ የመተንፈሻ መሣሪያው የወገብ ቀበቶ ታስሯል። እጄ ላይ ወፍራም ጓንት አለ። ይባስ ብሎ ኪሱ ቁልፍ ነበረው። በጓንት ቁልፍ መፍታትን እስቲ ቤትሽ ሞክሪው። ጣቢያ ቆሜ ስሞክረው ሁለት ሰከንድ ነበር የሚፈጅብኝ። እዚያ ግን ብታገል ብታገል አልወጣም።

ያወጣኝ ጓደኛዬ ነው። ቱቦውን ተከትሎ መጣ፣ ትከሻዬን ይዞ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ሳበኝ። ሽቦው ረገብ አለ። ጀርባዬ ላይ ካለው የአየር ሲሊንደር አናት በእጁ አነሳው፣ አለቀ። አንድም ነገር አልተቆረጠም። በማግስቱ ስናየው የዲሽ ኬብልና ኮርኒሱን ያንጠለጠለው ቀጭን ጥቁር ሽቦ ነው። ይኸው ነው እኔን የሚያህል ሰው አስሮ የያዘው።

ስለዚህ መጀመሪያ ኪሱ። ልብሱንና መተንፈሻውን ሙሉ በሙሉ ልበሺ፣ ማስኩን አድርጊ፣ ጓንቱን አጥልቂ፣ መሬት ላይ በሆድሽ ተኚ። አሁን ቀኝ እጅሽ የት ይደርሳል? ግራውስ? ሁለቱም የሚደርሱበት ቦታ ያ ነው የመቁረጫሽ ቤት። አብዛኛው ሰው ላይ ደረት አካባቢ ይሆናል፣ ከትከሻ ማሰሪያው ወደ ውስጥ በኩል። አንድ እጅሽ ከተያዘ በሌላው ማውጣት አለብሽ፤ ዋናው ሐሳብ ይህ ነው። ኮትሽ እዚያ ኪስ ከሌለው በራስሽ ሥልጣን ኪስ አታሰፊበት፤ መርፌ የወጋው ልብስ ውኃም እንፋሎትም ያስገባል። አለቃሽን አማክሪ። የእኛ ሰዎች በማሰሪያው ላይ የሚገባ ትንሽ ማኅደር ነው ያሰፉት። ክዳኑ ቸርር የሚለው ማጣበቂያ ይሁን፤ ጫፉ ላይ ጓንት የሚይዘው ረዘም ያለ ጆሮ ይኑረው።

መቁረጫውን በገመድ ልሰረው ወይ የሚል ይመጣል። ቢወድቅብሽ በጨለማ አታገኚውም፤ እሱ እውነት ነው። ገመዱ ራሱ ግን አንድ ተጨማሪ የሚጠላለፍ ነገር ነው። ካሰርሽው ክንድሽን ዘርግተሽ የምትሠሪበትን ያህል ብቻ ይሁን፣ ኃይል ሲበዛበትም የሚበጠስ ይሁን። እኔ አላስርም። በምትኩ ሁለት እይዛለሁ።

አሁን ወደ ዕቃው። እሱን ለመምረጥ ደግሞ ቀና ብለሽ ኮርኒስ ማየት አለብሽ። ከላይ ያለው ምንድን ነው? ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ። የዲሽ ኬብል፣ የኢንተርኔት ኬብል፣ የካሜራ ኬብል። ሁሉም በፕላስቲክ ቱቦ ወይም በፕላስቲክ ማሰሪያ ነው የተያዘው። ፕላስቲኩ 80 ዲግሪ አካባቢ መልፈስፈስ ይጀምራል። መዳቡ ለመቅለጥ 1,085 ዲግሪ ይፈልጋል። ምን ማለት ነው? እሳቱ ገና ሳይበረታ የያዘው ነገር ይለቃል፣ ሽቦው ግን ሳይነካ እንደ ሐረግ ይንጠለጠላል። እንግሊዝ አገር በፈረንጆቹ 2010 ሳውዝሃምፕተን ውስጥ ሸርሊ ታወርስ በሚባል ፎቅ ላይ ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። ከላይ የወረደ ኬብል ተጠላልፎባቸው ነበር። ከዚያ ቀደም በ2005 ስቲቨኔጅ ከተማ ላይም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። በኋላ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ደንባቸው ተቀየረ። በ2015 በመውጫ መንገዶች፣ በ2018 ደግሞ በሕንፃው ሁሉ፣ ኬብል እሳት ሲነካው ቶሎ በማይለቅ ነገር እንዲያዝ አዘዘ። ባጭሩ ብረት ማለት ነው። እኔ አሁን ሐዋሳ ውስጥ ሆቴልም ሱቅም ስገባ ቡናዬን ሳላዝዝ በፊት ኮርኒስ ነው የማየው። ባለቤቴ ሰልችቷታል።

ሌላው የብረት ዘር ነው። ጥቁር ሽቦ ለስላሳ ነው፣ ማንኛውም ፒንሳ ይቆርጠዋል። የተቃጠለ የስፕሪንግ ፍራሽ ግን ሌላ ጉድ ነው። ጨርቁና ስፖንጁ ይነድና ጥምዝምዙ ብቻ ይቀራል፤ እግር የሚይዝ ወጥመድ። እሱ ጠንካራ ብረት ነው። አፉ እንደ ጨረቃ የጎበጠው የኬብል መቁረጫ ወፍራም መዳብና አሉሚኒየም እንደ ቅቤ ይቆርጣል፤ ፍራሽ ስፕሪንግ ላይ ስትሞክሪው ግን ስለቱ ይሸረፋል። እኔ አንዱን እንደዚህ አበላሽቻለሁ። አፉ ላይ ጥርስ የመሰለ ጉድጓድ ቀረበት፣ ከዚያ በኋላ መዳብም እያኘከ ነው የሚቆርጠው።

ለዚህ ነው የእኔ ምርጫ ባለ 200 ሚሊ ሜትር የጎን መቁረጫ ፒንሳ የሆነው፤ ኤሌክትሪሻኖች የሚይዙት፣ ጠንካራ ብረትም እንደሚቆርጥ የተጻፈበት። በአንድ እጅ ይሠራል። መዳብም ስፕሪንግም ይቆርጣል። ወፍራም ኬብል አንድ ጊዜ አይቆርጥም፣ ሁለት ሦስቴ መንከስ ይጠይቃል። ይሁን። ባለ 160ው ለኪስ ይመቻል፣ ግን ስፕሪንግ ላይ ጉልበትሽን ይጨርሰዋል። ስትገዢ ጓንትሽን ይዘሽ ሂጂ። ባለ ሱቁ ይስቃል፣ ይሳቅ። እጀታው ሲከፈት ጣቶችሽ ካልደረሱለት ለአንቺ አይሆንም፤ የወንዶቹ ምክር እዚህ ላይ አይሠራልሽም። ራሱን የሚከፍት ስፕሪንግ ያለው ጥሩ ነው። ዝግ አድርጎ የሚይዝ ማቆለፊያ ካለው ግን በጓንት አውራ ጣት የሚከፈት መሆኑን እዪው፣ ካልሆነ ይነቀል።

ተጣጣፊው ፒንሳሽ? ለቤት፣ ለባጃጅ፣ ለካምፕ ግሩም ነው። ጓንት አድርገሽ፣ በአንድ እጅ፣ ሳታዪ ክፈቺውና እናውራ። ቦልት ካተርም፣ ያ ባለ ሁለት ረጅም እጀታው ትልቅ መቁረጫ፣ መኪናው ላይ ይኑር፣ አንቺን ሊያወጣ የሚመጣው ሰው ይያዘው። ሁለት እጅ ስለሚፈልግ ለተያዘ ሰው አይሆንም። የቆርቆሮ መቀስ አፉ ረጅም ነው፣ የራስሽን ልብስ አብሮ ይቆርጣል።

ሁለተኛው የምይዘው ዕቃ መንጠቆ ቢላ ነው። ስለቱ በመንጠቆው ውስጥ የተደበቀ፣ የመኪና ቀበቶ የሚቆርጡበት። ለክር፣ ለገመድ፣ ለመጋረጃ፣ ለመረብ ፒንሳ አይረባም፣ ያኝከዋል እንጂ አይቆርጥም። እዚህ ሐዋሳ የልብስ ፋብሪካም አለ፣ የዓሣ መረብም አለ፣ ስለዚህ ለእኛ ቅንጦት አይደለም። ገላጣ ስለት ያለው ቢላ ግን በፍጹም። ጨለማ ውስጥ ፊትሽ አጠገብ ማስክ፣ ቱቦ፣ የጓደኛሽ እጅ አለ።

ቱቦ ካልኩ አይቀር፣ ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝን ልንገርሽ። ከማስክሽ የሚወጣው የአየር ቱቦ በጓንት ሲዳሰስ ልክ እንደ ወፍራም ኬብል ነው። የሬዲዮው ማይክ ገመድም እንደዚያው። ልምምድ ላይ አንድ ጎበዝ ልጅ ማስኩ ተሸፍኖ መቁረጫውን የራሱ ቱቦ ላይ አሳርፎ «አገኘሁት» ብሎ ጮኸ። ሁላችንም ዘለን ያዝነው። ስለዚህ ከመቁረጥሽ በፊት የያዝሽውን በሌላ እጅሽ ተከተዪው። ወደ ደረትሽ ወይም ወደ ማስክሽ ከመጣ የአንቺ ነው። ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ከሄደ የሌላ ነው። አንድ አንዱን ቁረጪ፣ ጨብጠሽ አትቁረጪ።

መብራቱም አለ። ሽቦው 220 ቮልት ሊኖርበት ይችላል። መስመሩ ከቆጣሪው መቆረጡን ሳትገቢ ጠይቂ። እጀታው ላይ 1000 ቮልት የተጻፈበት ፒንሳ ይሻላል፣ ግን ጽሑፉ የሚሠራው እጀታው ደረቅና ያልተሰነጠቀ ሲሆን ነው። አንቺ ደግሞ ውኃ ውስጥ ነሽ። የእሳት ጓንትም የኤሌክትሪክ ጓንት አይደለም። መቁረጥ የመጨረሻው አማራጭ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከመቁረጥ በፊት ያለውም ረጅም አይደለም። እንቅስቃሴሽን አቁሚ። ወደ ፊት አትግፊ። ሬዲዮ ላይ ስምሽን፣ ያለሽበትን፣ መያዝሽን ተናገሪ፤ አታፍሪ፣ ቶሎ ተናገሪ። ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሺ። ብዙ ጊዜ የሚይዘው ሲሊንደሩን ነው፣ ስለዚህ በጎንሽ ተኝተሽ እጅሽን እንደ ዋናተኛ ከጭንቅላትሽ በላይ ወደ ኋላ አዙሪና ጥረጊው። ካልሆነ ነው መቁረጫው የሚወጣው። አየርሽን አስቢ፦ 6.8 ሊትር ሲሊንደር በ300 ባር ግፊት ሲሞላ 2,000 ሊትር አካባቢ አየር ይይዛል። በደቂቃ 40 ሊትር ብትተነፍሺ 50 ደቂቃ ነው። ደንግጠሽ ስትታገዪ 80 ብትደርሺ 25 ሆነ። አየሩ ሊያልቅ መሆኑን የሚያስጠነቅቀው ፊሽካ 50 ባር ላይ ሲጮህ ደግሞ በዚያ አተነፋፈስ የቀረሽ አራት ደቂቃ ገደማ ነው።

ለልምምድ ብዙ ወጪ የለውም። እኛ አሞራ ገደል ካሉ ዓሣ አስጋሪዎች ያረጀ መረብ ለመንን፣ ከኤሌክትሪሻኖች የተረፈ ሽቦ ሰበሰብን። ሁለት ወንበር መሃል ወጠርነው፣ ማስኩን በጥቁር ፌስታል ሸፈንነው። ፌስታሉ መስታወቱን ብቻ ይሸፍን፣ መተንፈሻውን እንዳይነካ። አጠገብሽ የሚያይ ሰው ይኑር። የመጀመሪያ ቀን ሁሉም ይናደዳል። በነገራችን ላይ መረቡ ከሽቦው የባሰ ነው፤ ሲሊንደሩ ቫልቭ ላይ እንደ ኩርንችት ይለጠፋል።

ፒንሳውን ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ አድርቂና ዘይት ቀቢው። የሐይቁ እርጥበት የእኛን በወር ውስጥ ዝገት ያለብሰዋል፤ የአዳማ አቧራ ደግሞ ማጠፊያው ውስጥ ይገባል። አንድ ቁራጭ የፍራሽ ስፕሪንግ መሳቢያሽ ውስጥ አስቀምጪ፣ አልፎ አልፎ ቆርጠሽ ሞክሪው። የእጅሽን ልክ ከነጓንቱ ለክተሽ ብትጽፊልኝ ደግሞ እዚህ ሱቅ ያየኋቸውን ሁለት ዓይነቶች አወዳድሬ እነግርሻለሁ።