የሰላጣ ዘር ቆላ ላይ ለምን አልበቅል ይላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ጓሮዬ ሰላጣ ዘርቼ ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣሁ፤ ሁለት ሳምንት አልፎም የበቀለው በጣት የሚቆጠር ነው። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ግን ከዚያው ዘር ዘርታ መደቧ ሞልቶላታል። ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ሙቀቱ ነው እህቴ። ዘሩ ደህና ለመሆኑ የእህትሽ መደብ ምስክር ነው። የሰላጣ ዘር ቀዝቀዝ ያለ አፈር ይወዳል፤ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ካገኘ በጥቂት ቀናት ብቅ ይላል። አፈሩ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ግን ብዙዎቹ ዝርያዎች ሳይሞቱ እዚያው ይተኛሉ፤ ውሃ ብታበዢም አይነቁም።

ስለዚህ ዘሩን በእርጥብ ሶፍት ጠቅልለሽ፣ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ከተሽ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን አቆዪው። ፍሪዘር ውስጥ እንዳታስገቢው። ከዚያ አመሻሽ ላይ ዝሪው። ፍሪጅ ባይኖርሽ እንኳ ማታ መዝራቱ ብቻውን ብዙ ይረዳል፤ ምክንያቱም ዘሩ ሙቀት ክፉኛ የሚጎዳው ውሃ መምጠጥ በጀመረባቸው የመጀመሪያ ሰዓታት ስለሆነ፣ ማታ ከተዘራ ያንን ጊዜ በሌሊቱ ቅዝቃዜ ያልፈዋል፣ ጠዋት የተዘራው ግን ከቀትሩ ፀሐይ ጋር ይገጥማል።

ጠልቆም አይዘራም። ብዙው የሰላጣ ዘር ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል፤ የተነፋ ኮምፖስት ስስ አድርገሽ ነስንሺበት፣ በቃ። እንዳይደርቅ እርጥብ ጆንያ አልብሺው፤ ቡቃያው ብቅ ባለበት ቀን ግን ጆንያውን አንሺው፣ ካረፈድሽ ነጥቶና ቀጥኖ ይወድቃል። ከዚያ በኋላ የጠዋት ፀሐይ የሚያስገባ፣ የቀትሩን የሚከለክል ዳስ ይበቃዋል።

አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ፣ ዳሱን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየገለጥሽ ፀሐይ አለማምጂውና ማታ አዛውሪው። በችግኞቹ መካከል ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይኑር። የችግኙን ልብ አፈር አታልብሺው፣ ይበሰብሳል። ሥሩን በደረቅ ሣር ሸፍኚ።

እኔን ብትሰሚኝ የሚጠቀለለውን ሰላጣ ለደጋ ትተሽ ቅጠሉ የሚዘረጋውን ያዢ። ታኅሣሥ ላይ ከዘራሽ ደግሞ አየሩም ያግዝሻል፣ ሰላጣ በየቤቱ ለሚፈለግበት ለሁዳዴም ይደርስልሻል።

ጥያቄ፦ አርባ ምንጭ ነኝ። ሰላጣዬ አምሮ አደገ፣ ከዚያ መሀሉ ግንድ አውጥቶ ሽቅብ ተመዘዘ፤ ቅጠሉም መረረ። መድኃኒት አለው?

መልስ፦ አንዴ ግንድ ካወጣ አይመለስም ወንድሜ። ሙቀት ሲበረታበት ቅጠል ማብዛቱን ትቶ ወደ አበባና ዘር ይሄዳል። ስትቆርጠው የሚወጣው ነጭ ወተት ነው የሚያመርረው። የውሃ ጥማትም ያብስበታል፤ አንድ ቀን አጥለቅልቀህ ሦስት ቀን ከምትረሳው በየቀኑ መጠነኛ ውሃ ስጠው። እስኪጎለምስም አትጠብቅ፣ የዳር የዳሩን ቅጠል በለጋነቱ፣ በማለዳ እየቀጠፍክ ብላ። ለዘር የምታስቀር ከሆነ ቀድሞ ግንድ ካወጣው አትሰብስብ፤ ሙቀቱን ችሎ መጨረሻ ላይ ያበበውን ምልክት አድርግበትና ከእሱ ውሰድ።