የጃማይካው ቡና ለምን መረረ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እህቴ ከውጭ ስትመጣ 250 ግራም የተቆላ የጃማይካ «ብሉ ማውንቴን» ቡና ይዛልኝ መጣች። ፍሬው ነጣ ብሎ ያልበሰለ ስለመሰለኝ ምጣድ ላይ ደገም አድርጌ ቆላሁት፤ ከዚያ ወቅጬ በጀበና አፈላሁት። መረረ፣ መዓዛም የለው። ዋጋውን ስሰማማ ጭራሽ ባሰብኝ። ማሸጊያው ላይ ደግሞ «ውሃው ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ ይቆይ» ይላል። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ዋናው ጥፋት ምጣዱ ላይ ነው። ያ ቀለም ሆን ተብሎ የተተወ ነው፤ ይህ ቡና ለስላሳ፣ ጣፈጥ ያለ፣ ምሬቱ ትንሽ ስለሆነ የሚቆሉት ሰዎች ጠቆር ሳይል ያወርዱታል። አንዴ የተቆላ ፍሬ እርጥበቱን ጨርሷል። ሲደግሙት አይበስልም፣ ላዩ ያራል እንጂ። የደገሙት አይመለስም፤ ከከረጢቱ የቀረ ካለ ግን እንዳለ ይፍጩት።

ይህ ቡና በጀበና ከሚፈላ፣ በማጣሪያ ወረቀት ላይ ውሃ እያፈሰሱ ቢያወርዱት ይሻላል። የማሸጊያውን ምክር ግን እርስዎ ቤት አይከተሉት። የተጻፈው ውሃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት ቆላ አገር ሲሆን፣ የሚፈለገው ሙቀት ከ92 እስከ 96 ነው። ፒያሳ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃዋ የሚፈላው 92 አካባቢ ነው። አንድ ደቂቃ ካቆዩት ከ90 በታች ይወርድና ቡናው ቀጥኖ ይኮመጥጣል። ስለዚህ እየተንተከተከ ይቅዱት፤ የማጣሪያ ወረቀቱን መያዣና ስኒውን አስቀድመው በፈላ ውሃ ያሙቁ።

ለ300 ሚሊ ሊትር ውሃ 20 ግራም ቡና ይበቃል፤ ሚዛን ከሌለ 4 ዝርግ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ቡና። ሙቀጫ ዱቄትና ሻካራ አንድ ላይ ስለሚያወጣ በወንፊት ነፍተው ዱቄቱን ይለዩ፣ የቀረው የደቃቅ አሸዋ ያህል ይሁን። በርበሬ የሚፈጭበት ወፍጮ ጋ ግን አይውሰዱት! ማጣሪያ ወረቀቱን በሙቅ ውሃ ያለቅልቁ፣ ቡናውን ይጨምሩ፣ መጀመሪያ 40 ሚሊ ሊትር ብቻ አፍስሰው ኩፍ እስኪል 30 ሰከንድ ይጠብቁ። ቀሪውን ሁለት ጊዜ ከፍለው ያፍስሱ። ሦስት ደቂቃ አካባቢ ማለቅ አለበት። ከአራት ካለፈ ልሞ ተፈጭቷል፣ ይመራል፤ ከሁለት በታች ካለቀ ሻክሯል፣ ይኮመጥጣል።

በጀበና ካልሆነ አልጠጣም ካሉ፣ ሻከር አድርገው ፈጭተው ውሃው ከፈላ በኋላ ይጨምሩት። አንዴ ገንፈል ሲል ያውርዱ፣ አምስት ደቂቃ አስክነው ይቅዱ። አቦሉን ብቻ ይጠጡ፤ ቶናና በረካ ከዚህ ቡና አይጠበቅም።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ካፌ አለን። አንድ ሰው «ብሉ ማውንቴን ብሌንድ» የሚል፣ የእንጨት በርሜል የተሳለበት ቡና ሊሸጥልን ይፈልጋል። እንግዛው? ካልሆነ ከአገራችን ቡና የትኛው ይቀርበዋል?

መልስ፦ አትግዙ። ብሌንድ ማለት ቅልቅል ነው፤ ውስጡ ስንት እጅ እውነተኛው እንዳለ ካልተጻፈ ስሙን ነው የምትገዙት። በርሜሉም ማስረጃ አይሆንም። እርግጥ ነው ጥሬው ከጃማይካ የሚላከው በእንጨት በርሜል ነው፣ ትልቁ 70 ኪሎ ይይዛል፤ ሥዕሉን ግን ማንም ያትመዋል። ስሙ በሕግ የተጠበቀው በጃማይካ ውስጥ በፖርትላንድ፣ በሴንት አንድሪው፣ በሴንት ቶማስና በሴንት ሜሪ ተራራማ ቦታዎች ለሚበቅለው ብቻ ነው። መሬቱ ጠባብ፣ ቁልቁለቱ ከባድ፣ ለቀማው በእጅ ነው፤ በዚያ ላይ አውሎ ነፋስ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የመጣው ጊልበርት ማሳውን ክፉኛ ጎድቶታል። ዋጋውን የሚያንረው ይህና ለረጅም ዓመታት አብዛኛውን ስትገዛ የኖረችው ጃፓን ናት።

ዘሩ ቲፒካ ይባላል፤ ቡና ደሴቲቱ ላይ የገባው እ.ኤ.አ. በ1728 ሲሆን፣ የዘር ሐረጉ በየመን በኩል ዞሮ እኛው ጋ ይደርሳል። ለኛ ምላስ የሚቀርበው የታጠበ ሊሙ ነው፤ የሐረር ጀንፈል ፍራፍሬው ስለሚጎላ አይመስለውም። ስትቆሉት መንጣጣት ከጀመረ አንድ ደቂቃ ተኩል ግድም ቆይታችሁ አውርዱ፣ ወዲያው ዘርግታችሁ አቀዝቅዙ፣ ከማፍላታችሁ በፊት ሁለት ሦስት ቀን ይረፍ። ለማኪያቶ አታውሉት፤ ወተቱ ይውጠዋል።