ለእንስሳት መጠለያ ገንዘብ ማሰባሰብና ደጋፊን ማመስገን፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩላችሁ

ለአሥራ ሁለት ዓመት ለተጣሉና ለተጎዱ እንስሳት መጠለያ ገንዘብ ሳሰባስብ ቆይቻለሁ። ሰሞኑን ጥያቄው ስለበዛ ሁሉንም እዚህ ልመልስ። ከመጀመራችን በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ። ደረሰኝ የማትቆርጡ ከሆነ ሳንቲም አትቀበሉ። በግል የባንክ ሂሳብም አትሰብስቡ።

ጥያቄ፦ ገንዘብ እንዴት ነው የሚሰበሰበው?

ለምን ሥራ? ለስንት እንስሳ? እስከ መቼ? ወንድሜ፣ እነዚህን ሦስቱን ጽፈህ ተመለስ፤ ያኔ እንነጋገራለን።

ጥያቄ፦ ትንሽ መጠለያ አለን፤ ውሾችና ድመቶች ናቸው። በዓመት አንድ ትልቅ ዝግጅት ይሻላል ወይስ ወርሃዊ መዋጮ?

ወርሃዊ መዋጮ። እንስሳ በየቀኑ ይበላል፣ በማንኛውም ሌሊት ይታመማል። የዝግጅት ገንዘብ ደግሞ አንድ ቀን ገብቶ በሁለት ወር ያልቃል። ከዚያ በኋላ የሐኪሙን ሂሳብ በምን እንደምትከፍሉ ስታስቡ ታድራላችሁ። በየወሩ ትንሽ የሚሰጡ መቶ ሰዎች ካሏችሁ ግን የሚቀጥለው ወር ምን እንደሚገባ ታውቃላችሁ። የታመመች ድመት ስትመጣ “እናክማታለን” ለማለት ድፍረት ይኖራችኋል።

ዝግጅት ይቅር ማለቴ አይደለም። የእግር ጉዞውም፣ ጨረታውም፣ ቶምቦላውም ጥሩ ነው። አዲስ ሰው የምታገኙት እዚያ ነው። ግን መውጫው ላይ የወርሃዊ መዋጮ ቅጽ የያዘ ሰው አቁሙ። እንግዳው አጨብጭቦ ስልኩን እንኳ ሳትይዙ ከወጣ ድካማችሁ መና ቀረ።

አርኤስፒሲኤ የሚባለውን፣ በእንስሳት ላይ ጭካኔ እንዳይፈጸም የሚሠራውን የእንግሊዝ ማኅበር ብዙዎቻችሁ ታውቁት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1824 ለንደን ውስጥ ሲቋቋም ዊልበርፎርስን የመሰሉ የፓርላማ ሰዎች ነበሩበት። ዓላማውም ስሙም ሙሉ ነበር። ግን የሚገባው ከሚወጣው አነሰ። በ1826 ጸሐፊው ቄስ አርተር ብሩም በማኅበሩ ዕዳ ታስረዋል። እኔ ይህን ታሪክ ለእያንዳንዱ አዲስ ኮሚቴ እነግራለሁ። ለእንስሳት ያላችሁ ፍቅር የመድኃኒት ዕዳ አይከፍልም።

ጥያቄ፦ የቆሰለ እንስሳ ፎቶ መለጠፍ ተገቢ ነው?

አንድ ይበቃል። ከጎኑ ከዳነ በኋላ ያለውን አድርጉ። ሰው ገንዘቡ ምን እንደሠራ ይይ።

*አንድ አባል፦* እኔ በዚህ አልስማማም። ሰው ቁስል ካላየ እጁ አይፈታም። የተሰበረ እግር የለጠፍን ቀን ነው ብዙ የገባልን።

*ሌላ አባል፦* እኔ ደግሞ በዚያ ፎቶ ምክንያት ነው እናንተን መከተል የተውኩት። ልጄ አይታው ስታለቅስ አደረች።

*የመጀመሪያው፦* ታዲያ እውነቱን እንደብቅ?

*ሦስተኛ አባል፦* ዋናው ችግር ፎቶው አይደለም። ሰው ሳያመክን እያበላ የመንገድ ውሻ ያራባል። ስለዚህ ለምን አናወራም?

*ሌላ አባል፦* አትመግቡ እያልክ ነው? የተራበ ውሻ ጥሎ ማለፍ አንጀት ይጠይቃል።

ስለ ማምከን ራሱን የቻለ ቀን እንይዛለን፤ አሁን ወደ ጥያቄው። ቁስሉ አንድ ቀን ገንዘብ ያመጣል፣ እሺ። በሦስተኛው ወር ግን ሰው ፊቱን ያዞራል። እ.ኤ.አ. በ1930 ዶሮቲ ብሩክ የሚባሉ እንግሊዛዊት ካይሮ ሄዱ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እዚያው የተሸጡ የጦር ፈረሶች አርጅተው፣ አጥንታቸው ወጥቶ ሸክም ሲጎትቱ አገኙ። በሚቀጥለው ዓመት ሞርኒንግ ፖስት ለሚባል ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፉ። ፈረሶቹ እነማን እንደሆኑ፣ ምን ላይ እንዳሉ፣ ገንዘቡም ከባለቤቶቻቸው ለመግዣ እንደሚውል ነገሩት። አንባቢው ገንዘብ ላከ። በሦስት ዓመት ውስጥ 5,000 ያህል ፈረሶች ተገዙ። በ1934 ደግሞ እዚያው ካይሮ የእንስሳት ሆስፒታል ተከፈተ፤ ዛሬ ብሩክ የሚባለው ለፈረስና ለአህያ የሚሠራው ድርጅት ከዚያ ነው የመጣው። ይህ ሁሉ በአንድ ደብዳቤ ተጀመረ። እናንተም ስለ እንስሳው በደንብ ጻፉ።

ጥያቄ፦ የትልቅ ኩባንያ ስፖንሰር እንዴት ይገኛል?

በዚህ ብዙ አልሠራሁም። ውሉን የሕግ ሰው ያንብብላችሁ።

ጥያቄ፦ የባንክ ሂሳብ እስክንከፍት ለጊዜው በእኔ ስም ብንሰበስብስ?

አይሆንም። መጀመሪያ ላይ ብያለሁ። “ለጊዜው” የሚባለው ነው ቡድን የሚያፈርሰው። አንቺ ታማኝ እንደሆንሽ አልጠራጠርም። ግን ነገ አንድ ሰው “የት ገባ?” ቢል የምታሳዪው ነገር የለሽም። በማኅበሩ ስም፣ በሁለት ሰው ፊርማ። ደረሰኝ ደግሞ ለእያንዳንዱ።

ጥያቄ፦ ደጋፊዎቻችንን እንዴት እናመስግን? ሰርተፍኬት አስበን ነበር።

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ብዙ ቡድን ምስጋናን የዓመት መጨረሻ ማሳመሪያ ያደርገዋል። ለእኔ ግን ገንዘብ የማሰባሰቡ ግማሽ ሥራ እሱ ነው። ገንዘቡ በገባ በሁለት ቀን ውስጥ ደረሰኝና አንድ መስመር ምስጋና ይሂድ። ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ደውሉ፣ ምንም ሳትጠይቁ። “ያኔ የላኩልን ገንዘብ ይችን ውሻ አሳከመ፤ አሁን በአራት እግሯ ትሄዳለች” በሉ። ይኸው ነው።

እኛም ተሳስተን እናውቃለን። አንድ ዓመት በምስጋና ቀናችን ስሞችን በገንዘቡ መጠን ቅደም ተከተል አነበብን። አራት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው የውሾቹን ክፍል ያጠበ ልጅ ስሙ ሳይጠራ ቀረ። ምንም አላለም። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ግን አልመጣም። ይቅርታ ልጠይቀው ብሄድም አልተመለሰም። እስከ ዛሬ ያመኛል።

በሚቀጥለው ዓመት አደራረጉን ለወጥነው። መጀመሪያ የተጠሩት የመጨረሻው ረድፍ ላይ የተቀመጡ እናት ነበሩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየወሩ ትንሽ ይልካሉ፤ አንድም ወር አላቋረጡም። በእሳቸው መዋጮ የታከመችውን ውሻ አስገባናት። የኋላ እግሯን ታነክሳለች። አዳራሹን አቋርጣ ሄዳ አገጯን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠች። እሳቸውም ቦርሳቸውን ከፍተው በላስቲክ የታሰረ ወፍራም ወረቀት አወጡ። የዘጠኝ ዓመት ደረሰኝ ነው፤ አንዱም አልጠፋም። “እያንዳንዱ እሷ መሆኗን አላውቅም ነበር” አሉ። የዚያን ቀን አርባ ሰው ወርሃዊ መዋጮ ፈረመ። ማንም አልለመነም።

ሰርተፍኬቱን ስጡ፣ ክፋት የለውም። ግን እንስሳው ይምጣ። እንስሳው ከፈራ ወይም ሰው ብዛት ካስጨነቀው ደግሞ ይቅር፤ ቪዲዮ ይበቃል። ለምስጋና ብላችሁ እንስሳ አታሰቃዩ።

ጥያቄ፦ ለክትባት ከተሰበሰበው ጣሪያ ብንጠግንበት ችግር አለው?

አዎ፣ አለው። ለክትባት የተሰጠ ለክትባት ነው። ሰጪውን ጠይቁ፤ ከፈቀደ በጽሑፍ ይሁን። ሌላም ምክንያት አለ። የእብድ ውሻ በሽታን ለማቆም በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ቢያንስ 70 በመቶው መከተብ አለባቸው። ሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ እስከ 99 በመቶው ከውሻ የሚመጣ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ገንዘቡን ለጣሪያ ካዞራችሁ ሥራው ሳይያዝ ይቀራል። ለጣሪያው ለብቻ ጠይቁ። ጣሪያ የሚያፈስ መሆኑን ሰው ሲያይ ይሰጣል።

ጥያቄ፦ ገንዘብ ለማሰባሰብ ከየት እንጀምር?

ሁለተኛውን መልስ አንብብ። ከዚያ ስለ ባንክ ሂሳቡ ያልኩትን። ደረሰኝ እንዳትረሳ።

ጥያቄ፦ ለረጅም ጊዜ የደገፉን አባት አረፉ። በኑዛዜያቸውም አስበውናል። በስማቸው አንድ ክፍል ብንሰይም ቤተሰቡ ደስ ይለው ይሆን?

ነፍስ ይማር። መጀመሪያ ቤተሰቡን ጠይቁ፤ አንዳንዱ ስም እንዲወጣ አይፈልግም። ከተስማሙ የትኛውን እንስሳ ይወዱ እንደነበር አጣሩና የእነሱን ክፍል ሰይሙ። ልጆቻቸውን ጥሩና በሩን ራሳቸው ይክፈቱት። ስሙን በቀለም አትጻፉ። ክፍሉ በየቀኑ ስለሚታጠብ በስድስት ወር ይለቃል። ብረት ላይ አስቀርጹት።