የድሮውን ሸክላ ማጫወቻ ልቀይረው ወይስ ላድሰው? (ጥያቄና መልስ)

ስለ ሸክላ ማጫወቻ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት አንድ ነገር ነው፤ "የድሮው በቃው ወይ? አዲስ ልግዛ?" በየተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ አባቴ የተወልኝ ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ማርክ 2 አለኝ። ድምፁ ታፍኗል፤ ዘፋኙ "ሰ" ወይም "ሸ" ሲል ይሻክራል። ልሽጠውና አዲስ ልግዛ?

እህቴ፣ እንዳትሸጪው! ያለቀው መርፌው ነው። "ሰ" እና "ሸ" ላይ መሻከር ዋናው ምልክቱ ነው። አንድ መርፌ ከ500 እስከ 1000 ሰዓት ገደማ ያገለግላል። በቀን አንድ ሰዓት ለሚሰማ ሰው ሁለት ዓመት አካባቢ ማለት ነው። አባትሽ መቼ እንደቀየሩት ካላወቅሽ፣ አልቋል ብለሽ ተነሺ። እስከዚያው ሸክላ አታጫውቺበት። ያለቀ መርፌ የሸክላውን ቦይ ይፍቀዋል፤ የተፋቀ ደግሞ አይመለስም።

ካርትሪጁም (መርፌው የሚሰካበት፣ ክንዱ ጫፍ ላይ ያለው ትንሽ ክፍል) ያረጀ ከሆነ የኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ-ቪኤም95ኢ ጥሩ መነሻ ነው። ወደፊት ገንዘብ ሲኖርሽ መርፌውን ብቻ በተሻለ ትቀይሪዋለሽ። መርፌው ሸክላው ላይ የሚጫንበትን ክብደት 2 ግራም ላይ አድርጊው። የእጅሽ ማሽን ሞተር ሰሃኑን በቀጥታ ነው የሚያዞረው፤ የሚላላ ላስቲክ የለውም። እንዲህ ያለ ሞተርና ክንድ ዛሬ በአዲስ ዋጋ በጣም ውድ ነው።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ ለእናቴ የድሮ ባለ ላስቲክ ማጫወቻ አዲስ አበባ ላክሁላት። 220ውን ወደ 110 የሚቀንስ ትራንስፎርመርም ገዝቼአለሁ። ግን ዘፈኑ ሁሉ ይጎተታል። ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም። ይሄ ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ ማጫወቻ የሚጥልበት ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው።

ትራንስፎርመሩ የሚቀይረው ቮልቱን ብቻ ነው። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው (በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው)፤ የኢትዮጵያ 50። ብዙዎቹ የድሮ ሞተሮች ፍጥነታቸውን የሚይዙት ከዚህ ቁጥር ነው። ስለዚህ በደቂቃ 33 ዙር ከሲሶ መሄድ የነበረበት ወደ 28 ይወርዳል፤ 45ቱ ደግሞ 37 ተኩል ይሆናል። ዘፈኑ ዘገምተኛ ብቻ አይሆንም፤ ድምፁም ይወፍራል፣ ሴቷ እንደ ወንድ ትዘፍናለች። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የወሰደ ሰው ደግሞ ተቃራኒው ይገጥመዋል፤ 33ቱ 40 ይሆንበታል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ሞተሩ አናት ላይ ያለችውን ትንሽ ፑሌጃ ለ50 ኸርዝ በተሠራችው መቀየር። ዱዋልና ቶረንስ የተባሉት የማጫወቻ ፋብሪካዎች ለሁለቱም ዓይነት መብራት ፑሌጃ ሠርተዋል፤ ያገለገለ ይገኛል። ባይገኝ፣ ጎበዝ ቶርኒተር ውፍረቷን በ1.2 እጥፍ አድርጎ ያወጣልሃል። አዲሷን ስትገጥም ላስቲኩንም አብረህ ቀይር።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ሻንጣ የሚመስል አዲስ ማጫወቻ በስጦታ ሰጡኝ። ያምራል፤ የራሱ ስፒከርም አለው። የድሮዬን ልተወው?

ልጆችዎን እግዚአብሔር ይባርክልዎ። ግን የድሮውን አይተዉት። የዚህ ዓይነት ርካሽ ማጫወቻዎች አብዛኞቹ ክንዳቸው ላይ ክብደት ማስተካከያ የላቸውም። መርፌያቸው 5 ግራምና ከዚያ በላይ ይጫናል፤ የደህና ማጫወቻ መርፌ ግን 2 ግራም አካባቢ ነው።

ለሌላ ሰው ያን ያህል አልጨነቅም ነበር። እርስዎ ግን የድሮ የአማርኛ ሸክላዎች እንዳሉዎት ነግረውኛል። አምሃ እሸቴ በ1969 (እ.ኤ.አ.) አምሃ ሬከርድስ የተባለውን የሸክላ አሳታሚ ከጀመረ በኋላ በነበሩት ዓመታት የወጡት ትንንሾቹ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ዛሬ ቢጠፉ ምትክ የላቸውም። በሻንጣው ላይ አያስቀምጧቸው፤ እለምንዎታለሁ። ሻንጣው ለልጅ ልጆች ጨዋታ ይሁን።

ጥያቄ፦ አምፕሊፋየር ላይ ስሰካው ድምፁ ከስር እምምም ይላል።

ከማጫወቻው ጀርባ የሚወጣ ቀጭን የመሬት ሽቦ አለ። አምፕሊፋየሩ ላይ ባለችው ብሎን እሰረው። አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ይቆማል።

ጥያቄ፦ የአያቴን ባለ 78 ዙር ሸክላዎች በዚሁ መርፌ ልስማቸው?

አይሆንም። የእነሱ ቦይ ሰፊ ነው፤ ለ78 የተሠራ ወፍራም መርፌ ያስፈልጋል። ማጫወቻህ 78 ዙር ከሌለው ደግሞ ለእነሱ ሌላ ፈልግላቸው።

ጥያቄ፦ ታዲያ መቼ ነው ተስፋ የሚቆረጠው?

መርፌ፣ ላስቲክ፣ የደረቀ ግሪስ፣ የተበጠሰ ሽቦ፦ እነዚህ ሁሉ ይጠገናሉ። እኔ "ቀይረው" የምለው ክንዱ ሲላላ ወይም ሲጣመም፣ አለዚያም የሰሃኑ ኩሽኔታ ሲበላ ነው። መርፌውን ሸፍነህ ክንዱን በሁለት ጣት ያዝና በጣም በቀስታ ወደ ጎን ነቅነቅ አድርገው። መገጣጠሚያው ላይ ቀጭ ቀጭ የሚል ልልነት ከተሰማህ አዲስ መርፌ አትግዛለት። ካልተሰማህ፣ ዛሬውኑ የመርፌውን ሞዴል ቁጥር ጻፍና ፍለጋ ጀምር።