ለወጣት ሙዚቀኞች፦ ስለ ግራ እጃችሁ

ልጆቼ፣

ሙዚቃ ሊማር የሚመጣ ወጣት ሁሉ ዜማ መጫወት ይሻል። ክራር የያዘው ድምፃዊውን ተከትሎ መፍሰስ፣ ሳክስፎን የያዘው ብቻውን ወጥቶ መንፋት፣ ኪቦርድ የያዘው የቀኝ እጁን ፍጥነት ማሳየት ነው ምኞቱ። ምኞቱ ክፉ አይደለም፤ ሰው ከሙዚቃ ጋር የሚተዋወቀው በዜማ ነውና። እኔ ግን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ድምፃውያንን በኪቦርድ በማጀብና ዘፈን በማቀናበር ስለሆነ፣ የምመክራችሁ ስለ ግራ እጃችሁ፣ ዜማውን ስለሚያጅበው እጅ ነው።

የአገራችን ሙዚቃ ሀርመኒ (የተለያዩ ድምፆች አብረው የሚሰሙበት ስምምነት) የለውም፣ ስለዚህ ይጎድለዋል የሚሉ ሰዎች ያጋጥሟችኋል። አትቀበሏቸው። አዝማሪ ሲዘፍን ማሲንቆው በአንዲት አውታሩ ያንኑ ዜማ ይከተላል፤ ዋሽንትና ክራር ቢጨመሩም መንገዳቸው እዚያው ነው። ነገር ግን ማሲንቆው ድምፁን እያንሸራተተ ይስበዋል፣ ዋሽንቱ ያርገበግበዋል፣ ክራሩ ነጥብ በነጥብ ይለቅመዋል። አንዱ ዜማ በአንድ ጊዜ በሦስት መልክ ይሰማል። ይህ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው።

ደግሞም ክራር ዜማ ብቻ የሚጫወት መሣሪያ አይደለም። በመምቻ ሲገረፍ የተጫዋቹን ግራ እጅ ተመልከቱ፤ ጣቶቹ የማይፈለጉትን አውታሮች አፍነው የቀሩትን አብረው እንዲጮኹ ይለቋቸዋል። ክራሩ አስቀድሞ በዘፈኑ ቅኝት፣ ማለትም ዜማው በሚሄድባቸው አምስት ድምፆች ስለተቃኘ፣ አብረው የሚጮኹት ድምፆች በሙሉ የቅኝቱ ልጆች ናቸው፤ እንግዳ አይገባባቸውም። ለኪቦርድና ለጊታር ተጫዋች ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

መሣሪያን በተፈጥሮው የዜማ ነው ወይም የአጃቢ ነው ብላችሁም አትመድቡት። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን የተመሩት አርባ የአርመን ልጆች የነፏቸው የናስ መሣሪያዎች እያንዳንዳቸው በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚያወጡት። ሦስት አራቱ የተለያየ ድምፅ ይዘው አብረው ሲነፉ ግን ኮርድ ይፈጠራል። ስለዚህ ትሮምቦን የያዛችሁ ልጆች፣ የተሰጣችሁ ረጅም አንድ ኖታ ብቻ ቢሆን አትከፉ፤ ዜማው የቆመው በእናንተ ላይ ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። አምባሰል የተባለውን ቅኝት ከዶ ብንጀምረው ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ፍላት (ከሬ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለው)፣ ፋ፣ ሶል እና ላ ፍላት ናቸው። በዶ ላይ የሚሠራው የተለመደ ኮርድ ሜጀር ከሆነ ሚን፣ ማይነር ከሆነ ሚ ፍላትን ይፈልጋል። አምባሰል ሁለቱም የሉትም! ታዲያ ኪቦርድ ተጫዋቹ ከትምህርት ቤት የያዘውን ኮርድ ሲጭንበት አድማጩ ምክንያቱን ባያውቅም ዘፈኑ ከአገሩ እንደወጣ ይሰማዋል። መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ዶን ከፋና ከሶል ጋር አብራችሁ ያዙ፤ ወይም ዶና ሶልን ብቻ አሰሙ። ዜማው ፋ ወይም ላ ፍላት ላይ ሲያርፍ ደግሞ ሬ ፍላት ሜጀር ሙሉ በሙሉ ከቅኝቱ ውስጥ ይገኛል።

አንቺ ሆዬ የተባለው ቅኝት ከዚህ ይከብዳል። ከዶ ሲጀመር ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት እና ላ ነው፤ ሶል እንኳ የለውም። በልማድ ዶና ሶልን የሚያመላልስ ቤዝ ጊታር ቅኝቱን ያፈርሰዋል። ትዝታ ሜጀር ግን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ስለሆነ ዶ ሜጀርንም ላ ማይነርንም ያለ ችግር ይቀበላል። ብዙ ጀማሪዎች ትዝታን ተምረው ሌላውም እንደዚያው ነው ብለው የሚሳሳቱት በዚህ ምክንያት ነው።

ከቅኝት ውጪ ያለ ድምፅ ፈጽሞ አይነካ እያልኩ አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ አምስቱን የቅኝት ድምፆች ከምዕራባውያኑ አሥራ ሁለት ድምፆች ጋር አስማምቶ ኢትዮ ጃዝን ያህል ነገር አቁሟል። እሱ ግን እንግዳውን ድምፅ ያስገባው መርጦ፣ መዝኖ ነው። የኪቦርዳችሁ አውቶማቲክ አጃቢ አይመርጥም። በአንድ ጣት ዶን ስትነኩለት ሚን ጨምሮ ሜጀር ያደርገዋል፤ የምትጫወቱት አምባሰል ይሁን ትዝታ አያውቅም። በየሠርጉ አዳራሽ ይህን ስሰማ ልቤ ያዝናል፣ ምክንያቱም ልጆቹ ችሎታ አጥተው አይደለም፤ ማሽኑ ስለሚያስብላቸው ነው።

አጥፉት። አንድ የአምባሰል ዘፈን ምረጡና ድምፃዊ ጓደኛችሁን አስቀምጣችሁ በግራ እጅ ብቻ አጅቡት። መጀመሪያ አንድ የቤዝ ድምፅ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት። እሱ በሚዘፍንበት ከፍታ ላይ ድምፅ አትከምሩበት፤ ወረድ ብላችሁ ቦታውን ልቀቁለት። የትኛው ላይ መዝፈን እንደቀለለው፣ የትኛው ላይ ድምፁ እንደተንገዳገደ ጠይቁት፤ ከመጽሐፍ ይልቅ የእሱን መልስ እመኑ። አምባሰል በእጃችሁ ሲገባ ወደ ባቲ ቅኝት እለፉ፤ ሜጀርና ማይነሩን ለይታችሁ ያዙ፣ አንዱን ሳትጨርሱ ሌላውን አትንኩ።