መልስ፦ ለ40 ባጃጅ የካርታ ሰርቨር ስንት ሜጋቢት ይበቃል?

ሰላም ወንድሜ። ጎንደር ውስጥ ከአዘዞ እስከ ፒያሳ የሚሠሩ 40 ባጃጆች ቢሮህ ካስቀመጥከው ሰርቨር ካርታና አቅጣጫ እንዲያዩ በሰከንድ ስንት ሜጋቢት የሚያስተላልፍ የኢንተርኔት መስመር ላስገባ ብለሃል። በሹፌር ብዛት ብቻ አትገምት፤ ዋናው በአንድ ጊዜ ስንቱ ካርታውን ያንቀሳቅሳል የሚለው ነው።

ካርታው ብዙውን ጊዜ የሚላከው 256 በ256 ፒክስል በሆኑ ቁርጥራጭ ምስሎች ነው። አንዱን 20 ኪሎባይት እንበለው። ስልክ መጀመሪያ ሲከፍት 15 ቁርጥራጭ ቢጠይቅ 300 ኪሎባይት ነው። ከዚያ እያንዳንዱ ሹፌር በ10 ሰከንድ 5 አዲስ ቢያወርድ፣ ለ40ው በሰከንድ 400 ኪሎባይት፣ ማለትም 3.2 ሜጋቢት ይሆናል። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ በ8 ማባዛቱን አደራ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ባይትና ቢት እያምታታ ነው። ጠዋት ሁሉም በ5 ሰከንድ ውስጥ ከከፈቱት ግን ወደ 19 ሜጋቢት ይዘላል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሰርቨሩ አንተ ጋ ስለሆነ የሚጨናነቀው አፕሎዱ (ከቢሮህ ወደ ውጭ የሚላከው) እንጂ ዳውንሎዱ (ወደ ቢሮህ የሚገባው) አይደለም። ውል ከመፈረምህ በፊት የአፕሎዱን ፍጥነት ለይተህ ጠይቅ።

የመንገድ ፍለጋው መልስ ተጨምቆ ከተላከ ጥቂት ኪሎባይት ነው፤ እሱ የሚፈልገው ራምና ፕሮሰሰር ነው።

ስልኮቹ ያወረዱትን እንዲያስቀምጡ ካሽ አብራ፤ የሚመላለሱት እዚያው ከተማ ውስጥ ስለሆነ ጭነቱ በጣም ይቀንሳል። ልኬቱን ግን በተራ ቀን ብቻ አትውሰድ። ለጥምቀት ወደ ፋሲል መዋኛ የሚወስዱት መንገዶች በሰው ሲሞሉ ሁሉም በአንዴ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። እኔ ብሆን 20 ሜጋቢት አፕሎድ አስገባ ነበር።