የጀሪካኗ ሂሳብ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ ሲጠፋ እኔና ወንድሜ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከታች እናወጣለን። እሱ በ1 ደቂቃ ይደርሳል፣ እኔን 2 ደቂቃ ይፈጅብኛል። «የበለጠ ሥራ የሠራሁት እኔ ነኝ» እያለ ይጎርርብኛል። ደግሞ መምህራችን ጀሪካን ይዞ ሜዳ ለሜዳ መሄድ በፊዚክስ ሥራ አይባልም አሉን። ክንዴ ግን አይስማማም!
የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከጀሞ

መልስ፦ ወንድምሽ ተሳስቷል፤ ትንሽ እውነት ግን አለው።

20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። የፕላስቲኩን እንተወው። መሬት እያንዳንዱን ኪሎ በ10 ኒውተን ገደማ ትስበዋለች (9.8 ነው፣ ለቃል ሂሳብ 10 ይመቸኛል)። ስለዚህ 200 ኒውተን ታነሳላችሁ። አንዱ ፎቅ 3 ሜትር ቢሆን ቤታችሁ 12 ሜትር ላይ ነው። በፊዚክስ ሥራ ማለት የምታነሱበት ኃይል ወደ ላይ በወጣው ርቀት ሲባዛ ነው፤ መለኪያው ጁል ይባላል። 200 በ12 ሲባዛ 2,400 ጁል። እዚህ ውስጥ ደቂቃ የሚባል ነገር አየሽ? የለም። ውሃው ላይ የሠራችሁት ሥራ እኩል ነው። ጊዜ የሚመጣው አቅም ላይ፣ እናንተ ፓወር የምትሉት ላይ ነው፤ ሥራውን ለሰከንዱ ማካፈል። እሱ 40 ዋት፣ አንቺ 20። በዚህ ይጎርር።

ግን የረሳችሁት ጭነት አለ፤ ራሳችሁ። 60 ኪሎ ብትሆኚ፣ ራስሽን ለማውጣት ብቻ 7,200 ጁል ይሄዳል። ከጠቅላላው 9,600 ውስጥ የውሃው ድርሻ ሩብ ነው ማለት ነው። እኔ ጉልበቴን ያመመኝ ጊዜ ይህንን አሰላሁና በረንዳዬ ላይ ገመድ አሰርኩ። ልጄ ከታች ታንጠለጥላለች፣ እኔ እስባለሁ። (የመጀመሪያ ቀን ጀሪካኑ የጎረቤት አንሶላ ይዞ መጣ። ታርቀናል።)

መምህርሽም ልክ ናቸው። ሜዳ ላይ ክንድሽ ወደ ላይ ይዟል፣ ጀሪካኑ ወደ ጎን ይሄዳል። አቅጣጫቸው ስለማይገናኝ ውሃው ላይ የተሠራው ሥራ ዜሮ ነው። ክንድሽ የሚደክመው ጡንቻ ዝም ብሎ ለመያዝም ያለማቋረጥ እየተኮማተረ ጉልበት ስለሚያቃጥል ነው። ያ ሙቀት ሆኖ ይወጣል።

ወንድምሽ እንደገና ከጎረረ ምጣዱን አሳዪው። 3,500 ዋት የሆነ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያንን ሁሉ 9,600 ጁል ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ ይጨርሰዋል። ለአንዲት እንጀራ ስንት ጊዜ ደረጃ መውጣት እንዳለበት ራሱ ያስላ።